ጓሳ «ባዶ መሬት» አይደለም

ይድረስ ለክቡር አዘጋጁ፤

ክረምት በገባ ቁጥር ጋዜጣችሁ የችግኝ ተከላ ፎቶ ያወጣል። አልቃወምም፤ እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በየዓመቱ እተክላለሁ፤ ስንቱ እንደጸደቀልኝ ግን አትጠይቁኝ። ለልጅ ልጆቻችን እናቆይላቸው ስንል ሐሳባችን ቶሎ የሚሄደው ወደምንተክለው ነው። ሳንነካ ልንተወው የሚገባውን ቦታ የሚያነሳልን አላየሁም።

ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ነው። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ ጓሳን አቋርጦ ያልፋል። በዚያ መንገድ አብሮኝ የተጓዘ እንግዳ በመስኮት አሻግሮ እያየ «ይህ ሁሉ ሜዳ እንዲሁ ባዶውን ተቀምጧል?» ሳይለኝ የቀረበት ጊዜ ትንሽ ነው። አንዱማ ባሕር ዛፍ ቢተከልበት ስንት ብር እንደሚያወጣ እዚያው በስልኩ ያሰላ ጀመር።

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምር፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ውርጫም ደጋ ነው። ስሙም የሳሩ ስም ነው። ቤት የሚከደነው፣ ገመድ የሚገመደው፣ እረኛ ዝናብ የሚመክትበት ገሳ የሚሠራው በዚህ ሳር ነው። ጨፌው ክረምት የጠጣውን ውሃ በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል፤ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ሳሩ ውስጥ አይጥና ፍልፈል ይራባል፤ ቀይ ቀበሮም የሚኖረው በእነሱ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘው ይህ አውሬ፣ ለአካለ መጠን የደረሰው በሙሉ ቢቆጠር 500 አይሞላም። እዚያው ጓሳ ላይ ተጠንቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ እንደሚለው፣ ቀበሮው ጭላዳዎች መሐል ገብቶ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶው ብቻ። ጭላዳውም ግልገሎቹን አቅፎ ሳሩን እየነጨ ዝም ይለዋል። እንግዲህ እዚህ ላይ ባሕር ዛፍ ትከሉበት ማለት ሳሩን፣ ውሃውን፣ አይጡን፣ ቀበሮውን ባንድ ላይ ንቀሉ ማለት ነው።

ይህ ሜዳ እስከ እኛ ዘመን የደረሰው ሰው ስላልደረሰበት አይደለም። ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበረን (ቃሉ ዛሬ ሌላ ነገር ያስታውሳል፤ የእኛው የመሬት ሕግ ነው)። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ከአስቦና ከጌራ እንወለዳለን የሚሉ ባለርስቶች ጓሳን ሲያስፈልግ ለ3፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ይዘጉት ነበር። ሳር ማጨድ የለ፣ እንጨት መልቀም የለ፣ ከብት ማስገባት የለ። አባወራው ሁሉ በተራው ለጥበቃ ይወጣል። አያቴ ሲያወሩ፣ ተራው ደርሶ የቀረ ሰው ከቅጣቱ ይልቅ የጎረቤቱ ዓይን ያስፈራው ነበር። የሚከፈተው ሳሩ ሲደርስ፣ ወይም ድርቅ ጠንቶ ከብቱ የሚቀምሰው ሲያጣ ነው። ያን ቀን አገር ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል።

በ1967 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ርስቱ ቀረ፤ ከርስቱ ጋር ቄሮም ቀረ። አዋጁን ልወቅስ አይደለም፤ ከአስቦና ከጌራ ወገን አይደለህም ተብሎ ከሜዳው ዳር ቆሞ ሲያይ የኖረም ሰው ነበር። ግን ጠባቂ ያጣ ሜዳ ምን እንደሚሆን ያኔ አየን፤ ሁሉም እንደ ልቡ አጨደ፣ ሁሉም እንደ ልቡ አሰማራ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ እንደገና ኮሚቴ አቋቁሞ መጠበቅ ያዘ። ዛሬ የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ የሚባለው ይኸው ነው።

አሁንም የሚያሰጋኝ አለ። ጎጆ ወጥቶ መሬት ያላገኘ ልጅ በዝቷል። ገብሱን ውርጭ ለመታበት ወጣት ስለ ቀበሮ ብሰብከው ምን ብሎ ይሰማኛል? እኔም አልሰብከውም። ከጎብኚ የሚገኘው ገቢ በቅድሚያ ሳሩን እየጠበቀ ላለው ቤተሰብ ይድረስ ነው የምለው። ሌላው የእረኞቹ ውሻ ነው። በባሌ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል፤ መንስኤውም ከሰው ጋር የሚኖሩ ያልተከተቡ ውሾች ናቸው። የጓሳ ዙሪያ ውሾች በየዓመቱ ሳይዘለሉ ይከተቡ። ሾፌሮችም ያን ሜዳ ሲያቋርጡ ቀስ ይበሉ፤ ጭላዳ መኪና ሲመጣ ዞር በል የሚለው የለም።

ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። ስለ ኢንቨስትመንት በምታወጡት ዜና ላይ «ለልማት ዝግጁ የሆነ ባዶ መሬት» የሚል ሐረግ ሲመጣ፣ ከማተማችሁ በፊት መሬቱ ላይ ምን እንዳለ ዘጋቢያችሁ ይጠይቅልን። ሳሩ የሚታጨድበት ዓመት ሲደርስም ፎቶ አንሺ ላኩ፤ ጋቢ ደርቦ ይምጣ እንጂ።

ከመንዝ ተወላጆች አንዱ
ደብረ ብርሃን