«ቅጠል እኮ ነው» ሲሉኝ ዝም አልኩ

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

የእህቴ ልጅ 19 ዓመቱ ነው፤ አሜሪካ አብረን ነው የምንኖረው። ባለፈው ወር ከአንድ ሱቅ ትንሽ ፓኬት ገዝቶ መጣ። ሳልቪያ ይባላል። «አክስቴ፣ ቅጠል እኮ ነው፤ እንደ ዳማከሴ ቁጠሪው» አለኝ። እውነትም ሳልቪያ የበሶብላ፣ የጦስኝና የዳማከሴ ዘመድ ነው። ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ዝምታ ነው።

ማታ ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን አጨሰው። ድው የሚል ድምፅ ሰምቼ ስገባ ግንባሩ ይደማል። ዓይኑ እንደተከፈተ ነው፤ እኔን ግን አያውቀኝም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ልቡ ተመለሰ። «ማን እንደሆንኩ ጠፍቶኝ ነበር» ብሎ አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ተክል ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። አገሩ ሜክሲኮ ነው፤ በዋሃካ ግዛት ያለው የሲየራ ማዛቴካ ተራራ። የማዛቴክ ሕዝብ «የእረኛዋ ማርያም ቅጠል» ይለዋል። ዘር እምብዛም ስለማይሰጥ ቅርንጫፉን እየቆረጡ ይተክሉታል። ፈዋሾቻቸው የሕመምን ምክንያት ለማወቅ፣ በሌሊት፣ ጨለማና ጸጥታ ባለበት ይጠቀሙበታል። እርጥቡን ቅጠል ያኝኩታል፤ ወይም ጨምቀው በውሃ ይጠጡታል። አጠገብ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። እነሱን የምወቅስበት ምንም ምክንያት የለኝም።

ፓኬቱ ውስጥ ያለው ግን እንዲያ አይደለም። ሳልቪኖሪን ኤ የተባለው ንጥረ ነገር ከብዙ ቅጠል ወጥቶ ጥቂት ደረቅ ቅጠል ላይ ይጨመራል። ሲጨስ፣ ከአንድ ሚሊግራም በታች የሆነው እንኳ በደቂቃ ውስጥ ሰውን ካለበት ይነጥቀዋል። ሞርፊን የተባለው ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ደስታ የሚሰጥበትን በር አይደለም የሚያንኳኳው። በ2002 ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ካፓ የሚባለውን የአንጎል ተቀባይ፣ ማለትም ንጥረ ነገሩ የሚያርፍበትን የአንጎል ሕዋስ ክፍል ነው የሚቀሰቅሰው፤ እሱ ሲቀሰቀስ የሚመጣው ስሜት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጭንቀት ነው። ሱስ ማስያዙ ጎልቶ አይታወቅም። አደጋው እነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ላይ ነው፦ ሰውየው ይነሳል፣ ይራመዳል፣ የት እንዳለ ግን አያውቅም። በረንዳ ላይ ቢሆንስ? መኪና ውስጥስ?

ሕጉም ወላጅን ግራ ያጋባል። የፌዴራሉ መንግሥት በተከለከሉ ዕፆች ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም፤ እንደ ደላዌር ያሉ ግዛቶች ግን ከልክለውታል። ልጆቻችን «ሕጋዊ ነው» ሲሉን የትኛውን ግዛት እንደሚሉ እንጠይቃቸው።

ፓኬቱ ላይ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፤ እናቴ አንስታ ብታየው ሻይ ቅጠል ይመስላታል። እባካችሁ፣ ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ፋርማሲስት ወይም ሐኪም ካለ ጋብዙልንና በአማርኛ ይጻፍልን። የእህቴ ልጅም ስሙ ሳይነሳ ታሪኩ እንዲወጣ ፈቅዷል።

አንዲት አክስት፣ ከቨርጂኒያ