ጥርሱን አይተሽ እንዳትገዢ

ደብረ ሲና፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም። ወንድምሽም ትምህርቱን ይዟል።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ከመሐል ሜዳ የወረደው የቅጥቅጥ ሹፌር ነው። ቤት ድረስ መጥቶ አነጋገረኝ። ሞላሌን አልፎ ቁልቁለቱ ላይ በዶቅዶቄሽ ከፊት ከፊቱ ስትሄጂ አይቶሻል፤ የኋላ ጎማሽ ከድቶሽ በእግርሽ መሬት ረግጠሽ ነው የተረፍሽው። «ልጅቱ ጎበዝ ናት፤ የገጠመችው ግን ጎማ አይባልም» አለኝ። እናትሽ እንዳትሰማ ደጅ አውጥቼ ነው ያናገርኩት። አንቺም እንዳታነሺባት፤ ሌሊቱን ሙሉ አትተኛም።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ተውኩት። በስልክ «እሺ አባዬ፣ እሺ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ወረቀት ሲሆን ደግመሽ ታነቢዋለሽ፤ ጎማ ተራ ስትሄጂም በኪስሽ ይዘሽው ትሄጃለሽ።

ለሥልጠናው አዲስ አበባ ስትሄጂ ጎማ እገዛለሁ ብለሽኛል። ደግ ነው። ደመወዝሽንም አውቃለሁ፣ ውድ ግዢ አልልሽም። የምልሽ አንድ ነገር ነው፦ የጎማውን ዕድሜ ሳታነቢ ብር እንዳታወጪ። ርካሽ ግዢ፣ ያረጀ ግን አትግዢ።

ባለፈው «አባዬ፣ የጎማው ጥርስ እኮ ሙሉ ነው፣ ክረምቱን ያሻግረኛል» ስትዪኝ ደንግጬ ዝም አልኩ። አጎትሽም ያላት ይህችኑ ቃል ነበረች።

የአጎትሽን የጋሼን መውደቅ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትሰሚው ነው ያደግሽው። እንዴት እንደወደቀ ግን ማንም አልነገረሽም። ያቺን ዛሬ የምትነጃትን ዲቲ ዶቅዶቄ ከጨረታ ሲገዛት የፊት ጎማዋ ሙልጭ ብሎ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሱቅ በር ላይ የተሰቀለ ጎማ በግማሽ ዋጋ አገኘ። ስሙ የታወቀ፣ ጥርሱ አንድም ያልተነካ። በዘይት ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ደስ ብሎት እኔ ጋ ሊያስገጥመው ይዞት ወረደ። እኔ ያን ዕለት ሰላ ድንጋይ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ሌላ ሰው ገጠመለት።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ጎማ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ በዚያን ጊዜ እዚህ ከተማ የሚያውቅ ጎሚስታ አልነበረም፤ እጄ ቢነካው ግን ያውቀው ነበር። ደህና ጎማ ቸርኬ ላይ ስታወጪው ይታዘዝሻል፣ ጥፍርሽን ብትጫኚበት ይገባና ይመለሳል። ያረጀው ይገተራል፤ በብረት ስታስገድጂው ከውስጡ ሲንቋቋ ይሰማሻል። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት እሱን አይደል?

በሳምንቱ ከደብረ ብርሃን ሲመለስ ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁለቱን ያዘ። ጣርማ በር እንደ ወትሮው በጉም ተሸፍኗል። ምስማር አልወጋው፣ ድንጋይ አልመታው። የጎማው ጎን ተተረተረ፣ ነፋስ የሚይዘው የውስጥ ጎማ፣ ካላማዳሪያው፣ በስንጥቁ ወጥቶ ፈነዳ። ኩርባው ላይ ያለው የድንጋይ ግንብ ባይዘው ኖሮ ገደል ነበር። ቅልጥሙ ተሰብሮ እንደምታውቂው እስኪሞት ድረስ አነከሰ። ዳግመኛ አልነዳትም፣ ሽጣት ሲሉትም እምቢ አለ። እሑድ እሑድ ሰልባትዮዋን (የቤንዚን መያዣዋን) በጨርቅ እየወለወለ አጠገቧ ይቀመጥ የነበረው ለዚህ ነው። «ለልጅቱ ትሁን» ያለኝ ታሞ ተኝቶ ሳለ ነው። ስትነጃት ሳያይ መሞቱ ያንገበግበኛል።

ያንን ጎማ እኔ ነኝ ከመንገዱ ያነሣሁት። አሁንም ጓዳ ተሰቅሏል። በጥርሶቹ መሀል ጣትሽን አስገብተሽ ከፈት ብታደርጊው ስንጥቁ ጥፍርሽን ይውጠዋል። ጥርሱ ግን ዛሬም ሙሉ ነው። ጎኑ ላይ 348 የሚል ቁጥር አለ። ሦስት አኃዝ ብቻ ያለበት ጎማ በፈረንጅ ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ 34ኛው ሳምንት፣ በ8 የሚያልቅ ዓመት። 1998 ይሁን 1988 እንኳ ከቁጥሩ አይለይም። ቢያንስ 8 ዓመት ያለፈውን ጎማ ነው አዲስ ብሎ የገዛው።

አንቺ የገጠምሻቸውም ከዚያ በኋላ የተገዙ ይሁኑ እንጂ ያለ ሥራ ጓዳ ቆመው ያረጁ ናቸው። ጥርሳቸው ሙሉ የሆነው ስላልተነዱ ነው። ይህን ዲቲዋን ስትወስጂም ነግሬሽ ነበር።

አሁን አስተውለሽ አንብቢ። በጎማው ጎን ዲ፣ ኦ፣ ቲ በሚሉ የፈረንጅ ፊደላት የሚጀምር ረጅም ጽሑፍ አለ። መጨረሻው ላይ ሞላላ ክብ ውስጥ 4 አኃዝ ታገኛለሽ። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩሻል። ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚታተመው፤ ካጣሽው ገልብጪው። ዓመቱ የፈረንጅ መሆኑን እንዳትረሺ! 2317 የሚል ጎማ ሰጥተው «የ2017 ነው፣ የአምና ዕቃ ነው» ይሉሻል። ሻጩ ራሱም እንደዚያ መስሎት ይሆናል። የአምና አይደለም። በፈረንጅ 2017 በ23ኛው ሳምንት፣ በእኛ 2009 ሰኔ መግቢያ ላይ የተሠራ ነው፤ ስምንት ዓመት አልፎታል። መጨረሻው 23፣ 24 ወይም 25 የሆነ ፈልጊ። ቁጥሩ ተፍቆ ወይም ተሸፍኖ ካገኘሽው ቢመርቁልሽም አትውሰጂ።

ትልልቆቹ አምራቾች ጎማ 5 ዓመት ካለፈው በየዓመቱ ባለሙያ ይየው፣ 10 ዓመት ከሞላው ጥርስ ቢኖረውም ይጣል ይላሉ። ደጅ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ደግሞ 10 ዓመትም አይጠበቅለትም። መንዝ ብርድ ስለሆነ ፀሐዩ የሚጎዳ አይመስልሽም፤ ከፍ ባልሽ ቁጥር ግን ፀሐዩ ይበረታል፣ ጎማ ያደርቃል። የእንስሳት ክሊኒኩ ግድግዳ ሥር ነው የማቆማት ብለሽኛል፤ ከዛሬ ጀምሮ ጥላ ውስጥ አግቢያት፣ ካልሆነ ጎማዎቹን በኬሻ ሸፍኚ።

መጠኑን ጻፊው፦ የፊቱ 2.75-21፣ የኋላው 4.10-18። ሁለተኛው ቁጥር የቸርኬው ልክ ነው፣ በኢንች። በእሱ ድርድር የለም። የመጀመሪያው የጎማው ውፍረት ነው። «ወፈር ያለው ያምርባታል» የሚሉሽን አትስሚ፤ ወፍራሙ ከኋላ ሰንሰለቱን ይታከካል።

ገንዘብ የምታተርፊው ከጎማው ዕድሜ ላይ ሳይሆን ከፍጥነቱ ላይ ነው። ከመጠኑ አጠገብ አንድ ቁጥርና አንድ ፊደል አለ። ፊደሉ የፍጥነት ልክ ነው፤ ፒ እስከ 150 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ኤስ 180፣ ኤች 210። ዲቲ 125 አሮጊት ናት፣ 150 የምትደርስበት መንገድም አቅምም የላትም። ፒ ከበቂ በላይ ነው፤ ለኤች የሚጨመረው ብር ኪስሽ ይቅር። ቁጥሩ ደግሞ የጭነት ልክ ነው። ከኋላ የክትባት ሳጥን ስለምትጭኚ አሁን ካለው ጎማሽ ያነሰ ቁጥር አትቀበዪ። ስሙ ያልታወቀ የህንድ ወይም የቻይና ጎማ ዘንድሮ የተሠራ ከሆነ፣ ስመ ጥር ሆኖ ዓመታት ከሰነበተው ይልቅ እኔ አዲሱን እመርጣለሁ። አጎትሽን የጣለው ስም ያለው ነው።

ጥርሱን በተመለከተ፣ ለጭቃ ብቻ የተሠራው ባለ ትልልቅ ጉጥ እርጥብ አስፋልት ላይ ያንሸራትታል፣ ቶሎም ያልቃል። ለአስፋልት ብቻ የሆነው ደግሞ መንዝ ክረምት ላይ አይሆንም። መካከለኛውን ውሰጂ። በጋለ ብረት ጥርስ የተቀረጸለት ያገለገለ ጎማ ካሳዩሽ ዋጋውን እንኳ ሳትጠይቂ ውጪ፤ የቀረችውን ሥጋ ነው የሚጨርሱበት።

ካላማዳሪያውንም አብረሽ ለውጪ። የአንቺ ቸርኬ ባለ ራጂ፣ በቀጫጭን የሽቦ ዘንጎች የተወጠረ ነውና ያለ ካላማዳሪያ አይሄድም። ተለጣጥፎ የኖረውን አዲስ ጎማ ውስጥ አታስገቢ። ካላማዳሪያውን ከራጂዎቹ ጫፍ የሚለየው የቸርኬው የውስጥ ጎማ ቀበቶም ካረጀ ይቀየር። መለዋወጫ ካላማዳሪያ የምትይዢ ከሆነ የፊቱን 21 ያዢ፤ በችግር ጊዜ ለኋላውም እስከ ቤት ድረስ ያደርስሻል።

ብሩ ለሁለቱም ካልበቃ ፊቱን አስቀድሚ። የኋላው ሲከዳሽ በእግርሽ ትተርፊ ይሆናል፤ የፊቱ ጊዜ አይሰጥም። ኋላውን እስክትቀይሪ ግን ወደ እኛ በዲቲ እንዳትመጪ፤ ጣርማ በርን በመኪና ውረጂ። ይህን እንደ ምክር አትውሰጂው፣ አዝዤሻለሁ።

እንዲያውም ዕቁቤ ደርሶኛል። የፊቱን ጎማ ዋጋ ነገ በቴሌብር እልክልሻለሁ። ልመልስ እንዳትዪ።

ልጄ፣ እንዳትነጂ የምከለክልሽ እንዳይመስልሽ። «ሴት ልጁን ዶቅዶቄ ላይ አወጣ» እየተባልኩ ፍሪሲዮን አያያዙን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። የመንዝ ገበሬ በጉ ሲታመምበት በሌሊት የሚጠራው አንቺን ነው ሲሉኝ ደረቴ ይነፋል። ባለፈው ገበያ ላይ አንድ ሽማግሌ የአንቺ አባት መሆኔን ሰምተው ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሳሙኝ። ለዚያ ሁሉ ሰው የምትደርሺው እግርሽ ደህና ሲሆን ነው። አጎትሽም እንዳንቺ ጎበዝ ነጂ ነበር።

ጎማ ተራ ለብቻሽ አትሂጂ፤ የአክስትሽን ልጅ አስከትዪ። ጠዋት ሂጂ፣ ቁጥሩ ደቃቅ ነውና ብርሃን ይፈልጋል። ደጅ የተሰቀለውን ተይው፣ «ከውስጥ አውጡልኝ» በያቸው። ጎማውን አጠፍ አድርገሽ የጥርሱን ሥርና ጎኑን እዪ፤ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካለችበት መልሺ። አሁንም እደግመዋለሁ፦ መጀመሪያ ዕድሜው፣ ቀጥሎ መጠኑ፣ ዋጋው ከዚያ በኋላ። ዕድሜውን ሳታነቢ ዋጋ ከተከራከርሽ፣ በተቀነሰልሽ ብር ልብሽ ይለሰልስና ትገዢዋለሽ።

እዚያ አታስገጥሚው። ጠቅልለሽ በመኪና ወደ እኔ አምጪው፣ ዲቲዋንም ሹፌሩ ጭኖ ያወርዳታል፤ ተነጋግረናል። እኔ በሳሙና ውኃ እገጥመዋለሁ። ጎኑ ላይ የሚሽከረከርበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ፣ ገልብጦ የሚገጥም ሞልቷል። አዲስ ጎማ መጀመሪያ ላይ ገጽታው ያንሸራትታል፤ እስከ 100 እና 150 ኪሎ ሜትር ድረስ ዝግ ብለሽ ትሄጃለሽ፣ ኩርባ ላይ አትተኚባትም። ነፋሱንም ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው የምትለኪው። ወደ ሮቢት ቆላ ወርደሽ ጋለ ብለሽ እንዳታስተነፍሺው፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ይጎድልብሻል።

እናትሽ ቆሎና ድርቆሽ ልካለች። ሳጥኑን ከሹፌሩ እጅ ተቀበዪ፣ ባዶውን መልሺላት። የሱፍ ካልሲ ውስጡ አለ፤ ልበሺው።

ጎማውን ስታገኚ ባለ 4 አኃዙን ቁጥር ፎቶ አንሥተሽ ለወንድምሽ በቴሌግራም ላኪው፣ እሱ ያሳየኛል። አይቼ እስክደውልልሽ ድረስ አትክፈዪ።

አባትሽ