ዲፕሎማት እሆናለሁ ላልሽኝ ልጄ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ለእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ልወዳደር ነው ብለሽ ስትጽፊልኝ አንድ ጥያቄ ጨምረሽ ነበር፤ «እዚያ ቤት የገባ ሰው አምባሳደር እስኪሆን ድረስ ምን ሲሠራ ይኖራል?» በጥቅሉ ከማወራልሽ የአንድ ሰው መንገድ ተከትዬ ባሳይሽ ይሻላል። የመረጥኩት ሰር ብራያን ባርደርን ነው። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ አዲስ አበባ የነበሩት የእንግሊዝ አምባሳደር እሳቸው ናቸው። ከዚህ በታች ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

ባርደር በ1934 ተወለዱ፣ ካምብሪጅ ተማሩ፣ በ1957 ሥራ ጀመሩ። የጀመሩት ግን በቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነው። ቅኝ ግዛቶቹ አንድ በአንድ ነፃ ሲወጡ ያ መሥሪያ ቤት ሥራው እያለቀ ሄደ፤ እሳቸውም በ1965 ወደ ዲፕሎማሲው ዞሩ። ኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት፣ ቀጥሎ ሞስኮ፣ ካንቤራ፣ ከዚያ ለንደን ተመልሰው የደቡባዊ አፍሪካ ክፍል ኃላፊ። አምባሳደር ሆነው አዲስ አበባ የገቡት በ1982 ነው፤ ከተቀጠሩ ከ25 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዛሬ ትንንሽ ኤምባሲ በቶሎ የሚይዙ አሉ፣ ትልልቆቹ ግን አሁንም ዕድሜ ይበላሉ።

በዚያ ሁሉ ዓመት ሰውየው ምን ይሠራል ካልሽኝ፣ ይጽፋል። ግብዣውና ባንዲራው ለፎቶ ነው። ሥራው ወደ ለንደን የሚላከው ቴሌግራም ነው፤ ዛሬ በኮምፒውተር ቢሄድም ስሙ አልተለወጠም። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ከላይ ጭብጡን በጥቂት መስመር ታስቀምጫለሽ፤ ሚኒስትሩ ከዚያ በታች ላያነብ ስለሚችል ያ ክፍል ብቻውን መቆም አለበት። ቀጥሎ ማን ምን እንዳለ ይመጣል። የራስሽ አስተያየት መጨረሻ ላይ፣ ለብቻው። ጀማሪ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ባለሥልጣኑ የተናገረውንና እሱ ራሱ የገመተውን በአንድ አንቀጽ ያቀላቅላል፣ ለንደን ያለው አንባቢ ደግሞ ግምቱን እንደ ባለሥልጣኑ ቃል ይዞ ውሳኔ ይሰጥበታል። ሁለተኛው ብልሽት አለቃ መስማት የሚፈልገውን መጻፍ ነው። እሱ ቶሎ አይታወቅም፣ ሲታወቅ ግን ጉዳዩ ከእጅ ወጥቷል።

አምባሳደር የመሾሙ ሥርዓት ራሱ ጥንቃቄ አለው። መጀመሪያ ስሙ በሚስጥር ለተቀባዩ አገር ይላካል፤ ይሁንታ ሳይመጣ ለማንም አይነገርም። የማይፈልጉት ሰው ከሆነ ብዙ ጊዜ «አይሆንም» አይሉም፣ ዝም ይላሉ፤ ምክንያት የመስጠትም ግዴታ የለባቸውም። ከደረሰ በኋላ የሹመት ደብዳቤውን ቅጂ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ፣ ዋናውን ለርዕሰ ብሔሩ ያቀርባል። ባርደር በመጨረሻ የሄዱባት አውስትራሊያ ግን ንግሥቷ ከእንግሊዝ ጋር አንድ ስለነበረች፣ ንግሥት ለራሷ ደብዳቤ አትጽፍምና ጠቅላይ ሚኒስትር ለጠቅላይ ሚኒስትር ነው የሚጻጻፈው። ማዕረጉም፣ እንደ ሌሎቹ የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ግዛቶች ማኅበር) አገሮች ሁሉ፣ አምባሳደር መባሉ ቀርቶ ከፍተኛ ኮሚሽነር ይሆናል።

አሁን ወደ ሰባ ሰባቱ ልመለስ። በጥቅምት 1984 ቢቢሲ የኮረምን መጠለያ ሲያሳይ የእንግሊዝ ሕዝብ ተነሣ፣ መንግሥቱም አንድ ነገር ለማድረግ ተገደደ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖች አዲስ አበባ ገቡ። እስቲ አስቢው፤ የኔቶ አባል አገር ወታደራዊ አውሮፕላን፣ ከሞስኮ ጋር በተወዳጀ የደርግ መንግሥት ሰማይ ላይ፣ ያውም ጦርነት ባለበት ሰሜን። ለዚህ የበረራ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ነዳጅ፣ ለሠራተኞቹ ማደሪያ፣ እህሉን ለሚያከፋፍለው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ቀጠሮ። አንዱ ወረቀት ከዘገየ አውሮፕላኑ ቆመ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስጨርሰው ኤምባሲው ነው።

ማረፊያ በሌለባቸው ደጋ ቦታዎች እህሉ ከአየር ይጣል ነበር። አውሮፕላኑ በጣም ዝቅ ብሎ ይመጣል፣ ከኋላ በሩ ተከፍቶ ጆንያው ይገፋል። አንድ ጆንያ መሬት ሲመታ ስለሚፈነዳ በሌላ ጆንያ ውስጥ ደርበው ያሽጉታል። መሬት ላይ ቀድሞ የሚደርስ ቡድን ሰውና ከብት ከሜዳው ያስወጣል፣ አለዚያ የተራበ ሰው የሚወርደውን እህል ሮጦ ሊቀበል ይገባበታል። ያንን ቡድን ያመላልሱ የነበሩት የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ናቸው። በዚያ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የኔቶና የዋርሶ ውል አገሮች ጦረኞች አንድ ሜዳ ላይ አብረው ሠሩ። ይሁንና ሄርኩለስ ቢበዛ የሚጭነው 20 ቶን ገደማ ነው፤ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ከዚያ አያንስም፣ ወጪውም በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ መንገድ ለሌለበት እንጂ የአሰብን መንገድ ሊተካ አይችልም ነበር። ይህን ለንደን ላለው በቴሌቪዥን ለተነካ ፖለቲከኛ መንገር ደስ አይልም፣ ግን የአምባሳደር እንጀራው ይኸው ነው።

ባርደር እስከ 1986 አዲስ አበባ ቆዩ፤ ከዚያ ዋርሶ፣ ሌጎስ፣ ካንቤራ፣ በ1994 ጡረታ። በመሐል «ሰር» ያሰኛቸውን የቅዱስ ሚካኤልና የቅዱስ ጊዮርጊስ ኒሻን ተሸለሙ። አያትሽ ብትሰማ ስሙን በጣም ትወደው ነበር።

አለመስማማት ሲመጣ ምን ይደረጋል? ውሳኔው እስኪሰጥ በውስጥ፣ በጽሑፍ ትከራከሪያለሽ። ከተሰጠ በኋላ ወይ ትፈጽሚያለሽ ወይ ትለቂያለሽ። ባርደር ከጡረታ በኋላ የብሔራዊ ደኅንነት ጉዳይ ያለባቸውን የኢሚግሬሽን ይግባኞች በሚያይ ልዩ ኮሚሽን አባል ነበሩ። የ2001ዱ ፀረ ሽብር ሕግ በሽብር የተጠረጠሩ የውጭ ዜጎች ያለ ፍርድ ላልተወሰነ ጊዜ እንዲታሰሩ ሲፈቅድ፣ በ2004 መጀመሪያ ላይ ተቃውመው ለቀቁ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የአገሪቱ ከፍተኛ ዳኞች 8 ለ1 ሆነው እስሩ ከሰብዓዊ መብት ስምምነቱ ጋር አይሄድም አሉ።

የጻፍሽው ከወጣብሽስ? አምባሳደሩ ኒኮላስ ሄንደርሰን በ1979 ከፓሪስ ሲሰናበቱ እንግሊዝ እንዴት እንደወደቀች የጻፉት ሪፖርት ለጋዜጠኛ ወጣ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ታቸር ግን በዚያው ዓመት ከጡረታ ጠርተው ዋሽንግተን ሾሟቸው። የዋሽንግተኑ አምባሳደር ኪም ዳሮክ ደግሞ ስለ ትራምፕ አስተዳደር የላኩት ሐምሌ 2019 ሲወጣ በቀናት ውስጥ ሥራቸውን ለቀቁ። ሁለቱም ያዩትን ነው የጻፉት። ልዩነቱ የመጀመሪያው ስለ ገዛ አገሩ መጻፉ፣ ሁለተኛው ስለ አስተናጋጁ አገር መጻፉ ነው። ለእኔ ጥፋቱ የጸሐፊው ሳይሆን ያወጣው ሰው ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ዳሮክ ናቸው።

ሴትነቴ፣ ጥቁርነቴ ብለሽ ነበር። ያ ቤት ሴት መቀበል የጀመረው በ1946 ነው፤ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያም ያገባች ሴት ትለቅ ነበር። የመጀመሪያዋ ሴት አምባሳደር አን ዋርበርተን በ1976 ኮፐንሃገን ሄደች። ከሙያው ውስጥ አድጋ ከፍተኛ ኮሚሽነር የሆነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ኔኔ ኢውጂ-ኤሜ ናት፤ ለሞዛምቢክ፣ በ2018። ገና ትናንት ነው፣ መንገዱ ግን ተከፍቷል።

የደኅንነት ማጣሪያው ወራት ይወስዳል። ስለ ዕዳ፣ ስለ ጉዞ፣ ውጭ ስላሉ ዘመዶች ይጠይቁሻል። ኢትዮጵያ ዘመድ መኖሩ ሳይሆን መደበቁ ነው ብዙውን ጊዜ ሰው የሚጥለው፤ አጎቶችሽን ሁሉ ጻፊ። የእኔንና የእናትሽን የልደት ቀን ከክርስትና ካርዳችን አትገልብጪ፤ እሱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ፓስፖርታችን ላይ ያለውን ተጠቀሚ፣ ኮፒውን ነገ በስልክሽ ቴሌግራም እልክልሻለሁ።

አባትሽ