ከሁዳዴ በፊት ለወንዛችን አራት ጠባቂ እንቅጠር

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩን ሳላንዛዛ ልንገራችሁ፤ ገንዘብ ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት። ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከደጋው ተነስታ በገደሉ እየተንደረደረች ጀማን የምትቀላቀል አንዲት ወንዝ አለች። ያደግሁት እዚያ ነው። ዋና የተማርኩት እዚያ ነው። በዚህ በጋ ካልደረስንላት ውስጧ ያለው ዓሣ የሚተርፍ አይመስለኝም።

ስሟን እዚህ አልጽፍም። ምክንያት አለኝ። አምና አንድ የሰፈራችን ልጅ ትልቅ ዓሣ አቅፎ የተነሳውን ፎቶ ቦታውን ጠቅሶ ለጠፈው። ሳምንት ሳይሞላ የማናውቃቸው ሰዎች ኬሻ ተሸክመው መጡ። ኬሻው ውስጥ ምን እንደነበረ የቆላ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ብርብራ ነው።

ለማታውቁት፣ ብርብራ ዛፍ ነው። ጥሩ ዛፍ ነው፣ ጥላው ደስ ይላል፣ አበባውን ንብ ይወደዋል። ጣጣው ፍሬው ላይ ነው። ፍሬው ይደርቅና ይወቀጣል፣ ዱቄቱ ውሃ ላይ ይበተናል። ውስጡ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ። መርዙ በዓሣው ስንጥብ በኩል ይገባና ሰውነቱ ኦክስጅኑን እንዳይጠቀምበት ያደርጋል። ውሃው ሙሉ አየር እያለው ዓሣው ታፍኖ ይሞታል ማለት ነው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። መጋቢት ነበር፣ እናቴን ልጠይቅ ወርጄ። ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሆኗል። ልጆች ሆነን እንዘልበት የነበረው ገንዳ ጋ ስደርስ ውሃው ላይ ግራጫ አረፋ አየሁ። ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ ወጥተዋል። እንደ ሰከረ ሰው ይዞራሉ፣ ከዚያ ነጭ ሆዳቸው ወደ ሰማይ ይገለበጣል። ሰዎቹ ክንድ ክንድ የሚያካክሉትን እየመረጡ ወደ ኬሻ ከተቱ። ጣት የሚያካክሉትን ማን ይፈልጋቸዋል? እዚያው ተዋቸው። እነሱ ሲሄዱ አንድ ዓለት ጥግ ቁጭ ብዬ የተረፈውን መቁጠር ጀመርኩ። ሁለት መቶ ላይ ስደርስ ተውኩት። ለሁለት ቀን መንደሩ ሁሉ ሸተተ፣ ሴቶቹ ውሃ ለመቅዳት ሽቅብ ሩቅ ድረስ ሄዱ።

ለምን መጋቢት? ሁዳዴ ነዋ። በጾም ዓሣ ይፈለጋል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ወንዙም የሚጎድለው ልክ በዚያው ጊዜ ነው። ዓሣው በሙሉ ጥቂት ኩሬ ውስጥ ተጨናንቆ ዝናብ ይጠብቃል። አንድ ኩሬ ከመረዙት የአንድ ሰፊ ወንዝ ዓሣ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ነው ዓመቱን ሙሉ ጠብቁልን የማልላችሁ። የሚያሳስበኝ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ያለው ስድስት ወር ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ዓሣው። ጀማ ውስጥ አምባዛ አለ፣ ቆሮሶ አለ፣ ሌላም አለ። በእኛ ወንዝ ጎልቶ የሚታየው ግን ያ ወርቃማ ቅርፊት ያለው፣ አፉ ላይ አጫጭር ሪዝ የመሰለ ነገር ያለው ነው። ሌላ ቦታ ቢልጫ ይሉታል፣ እኛ ዘንድ ዓሣ ዝም ብሎ ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ ቶሎ አያድግም። ክረምት ሲገባ፣ ጎርፉ ሲመጣ፣ ሽቅብ ይወጣል፤ ንጹሕ ውሃ በሚሮጥበት ጠጠር መሃል እንቁላሉን ይጥላል። ጠጠሩ ንጹሕ መሆን አለበት። ከላይ ከታረሰው ተዳፋት የሚመጣው ደለል ጠጠሩን ከሸፈነው እንቁላሉ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ጠጠሩን ደግሞ ለግንባታ እየዛቁ የሚጭኑም አሉ። እና አንድ ዓመት የተመረዘ ኩሬ በሚቀጥለው ዓመት ይተካል የምትሉኝ ካላችሁ፣ አይተካም። ክንድ የሚያክለውን ዓሣ ለማግኘት ዓመታት መጠበቅ አለብን።

እሺ፣ ጥበቃው ይሁን፣ ግን ሰዉስ ምን ይጠቀማል? ይህን መመለስ ካልቻልን ጥበቃው ከአንድ በጋ አያልፍም። የእኔም ዋና ሐሳብ እዚህ ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሌ ሄጄ ነበር። ዲንሾ አካባቢ፣ ዌብ ወንዝ ላይ። እዚያ ያለው ትራውት የሚባል ዓሣ ነው፣ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ። ብርድ ወዳድ ነው፣ ውሃው ሲሞቅ አይሆንለትም፣ የባሌ ደጋ ስለተመቸው ቀረ። እዚያ አንድ የውጭ አገር እንግዳ ከአገሬው ልጅ ጋር ወንዝ ዳር ቆሞ አየሁ። ቀጭን ረጅም ዘንግ ይዟል። ገመዱን ወደ ኋላ ወደ ፊት እያወናጨፈ ውሃው ላይ ቀስ አድርጎ ያሳርፈዋል። ጫፉ ላይ ትልም የለም፣ ሥጋ የለም። መንጠቆው ላይ ላባ ተጠምጥሞበት ዝንብ እንዲመስል ተደርጓል። ፍላይ ፊሺንግ የሚሉት ይሄ ነው። ዓሣውን ያዘ፣ አየው፣ ለቀቀው! ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ ቆየና ለመራው ልጅ ከፍሎት ሄደ።

እኔ በዚያ ቀን ራሴን ያዝኩ። ዓሣው ውሃው ውስጥ አለ። ነገ ሌላ እንግዳ ይመጣና ያንኑ ዓሣ ይይዛል፣ ልጁም ሌላ ቀን ይከፈለዋል። የእኛ ዓሣ ግን አንዴ በኬሻ ተሸጦ አለቀ።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ትራውት አምጥታችሁ ልቀቁ» አሉኝ። አይሆንም። ትራውት የኛ አይደለም፣ የቆላውም ሙቀት ይገድለዋል። ደጋው ላይ ቢቀር ደግሞ ትንንሾቹን የአገር ዓሦች ይበላል። ደግሞስ ምን አጣንና? የእኛው ዓሣ ዘመዶች ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አሉ፤ ቢጫ ዓሣ ይሏቸዋል፣ ቫል እና ኦሬንጅ የሚባሉ ወንዞች ውስጥ ይኖራሉ፣ ሰው ከሩቅ አገር ድረስ አስጎብኚ ቀጥሮ በዝንብ መንጠቆ ሊይዛቸው ይሄዳል። ጉልበታም ናቸው፣ መንጠቆውን ሲነክሱ ገመዱን ጎትተው ይሮጣሉ። የእኛም እንደዚያው ነው። እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ።

ዘንጉ የተለገሰኝ ነው። መንጠቆው ላይ የሚጠመጠመውን ላባ ከየት እንዳመጣሁት ብነግራችሁ ደስ ይላችኋል። ለገና ከታረደ አውራ ዶሮ አንገት ነው። ያ ረጅሙ፣ የሚያብለጨልጨው የአንገት ላባ። ከሁሉ የሚሻለው የገብስማ ዶሮ ነው፤ ነጭና ጥቁሩ መስመር ውሃ ውስጥ የነፍሳት እግር ይመስላል። ወንዙ ውስጥ ድንጋይ ገልብጡና እዩ፣ ሥሩ ላይ የተለጠፉ ትንንሽ ነፍሳት አሉ። ዓሣው የሚበላው እነሱን ነው። ብርብራው እነሱንም አብሮ ይጨርሳል።

ዓሣውን ስትይዙት እጃችሁን መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ንከሩ። ደረቅ እጅ ገላው ላይ ያለውን ልፋጭ ይገፈዋል፣ ከዚያ ይቆስላል። የመንጠቆውን እሾህ አስቀድመን በፒንሳ ጨፍልቀነዋል፣ ስለዚህ በቀላሉ ይወጣል። ከዚያ ዓሣውን ፊቱን ወደ ወራጁ ውሃ አዙራችሁ በሁለት እጅ ደግፉት። ስንጥቡ ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያችኋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። ድንገት ጅራቱ ይጠነክራል፣ ከእጃችሁ ሹልክ ብሎ ይሄዳል።

ይህን ስናደርግ አጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ጋሼ ነው የምንላቸው። በወጣትነታቸው ብርብራ ይወቅጡ ነበር፣ አይደብቁም። «ስንቱን ገድዬ ስንቱን በላሁ ልጄ» አሉኝ። ዓሣው ሲሄድ ዝም ብለው ውሃውን አዩት። ዛሬ ከአራቱ ጠባቂዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። ኬሻ የያዘ ሰው በየትኛው መንገድ እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወርድ፣ የትኛው ኩሬ ላይ እንደሚያነጣጥር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

ሕግ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝ ማጥመድን ይከለክላል። ግን አዋጁ ራሱ ወንዝ ዳር ወርዶ አይቆምም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እዚያ ቁጭ የሚል ሰው ያስፈልጋል። ደግሞ ይህ ለሸዋ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። መንዝ ላይ ጓሳን ያየ ያውቀዋል። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ አባቶች ሣሩን ዘግተው፣ ጊዜ ቆርጠው፣ ጠባቂ አቁመው፣ ሲደርስ ለሁሉም እኩል ከፍተው አቆይተውታል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢላላም ሰዉ ጓሳን አልተወውም። ቀይ ቀበሮው ዛሬም እዚያ አለ፣ ጭላዳውም አለ። ከዚያ ከፍታ የሚመነጨው ውሃ ወደ ዓባይም ወደ አዋሽም ይወርዳል። እኛ ያንን ነገር ሣር ላይ ሳይሆን ውሃ ላይ እናድርገው ነው የምንለው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ከሁሉ የሚቀድመው የጠባቂዎቹ ደሞዝ ነው። ለአንዱ በወር 5,000 ብር ተስማምተናል፣ አራት ሰው ለስድስት ወር 120,000 ብር ይሆናል። ይህ ካልሞላ የቀረው ሁሉ ይቅር። ከዚያ የሚከተለው የከብቱ ነገር ነው። አሁን ከብቱ ኩሬው ውስጥ ገብቶ ነው የሚጠጣው፣ ዳሩን ይንደዋል፣ ውሃውን ያደፈርሰዋል። ከላይ በቱቦ ውሃ ጠልፈን የሲሚንቶ ገንዳ ብንሠራ ከብቱም ንጹሕ ይጠጣል፣ ዳሩም ያርፋል። ድንጋዩንና ጉልበቱን መንደሩ ይችላል፤ ሲሚንቶና ቱቦውን ነው ያቃተን። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዳሩ ላይ አኻያና ሸምበቆ እንተክላለን፣ ችግኙ ከእኛ ነው። ባሕር ዛፍ አንተክልም፣ በዚህ ላይ ትንሽ ተጨቃጭቀናል፣ ግን ተግባብተናል።

ለአስጎብኚነት ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ወጣቶች መርጠናል። ልጅቷ ከሁሉም ፈጥና ነው ገመድ መወርወር የተማረችው። በሦስቱ መካከል ያለው ዘንግ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የእኔ። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ ያገለገለ የፍላይ ዘንግ፣ ማጠንጠኛ፣ ገመድ ካላችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ጋራዥ ውስጥ ተጥሎ ከሆነ፣ ሰው ሲመጣ ላኩልን። ውሃ ውስጥ የሚቆሙበት ረጅም ቦቲም ቢሆን እንወዳለን።

እንግዳው መቼ ይመጣል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሁን አገሩ ባለበት ሁኔታ ነገ ይመጣል ብዬ ቃል አልገባም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ይመጣል። ያን ጊዜ ግን የሚያዝ ዓሣ መኖር አለበት። መጀመሪያ ከአዲስ አበባና ከደብረ ብርሃን ቅዳሜና እሁድ የሚመጡ የአገር ሰዎችን ነው የምናስበው። ከሚከፍሉት ግማሹ ለመሪው፣ ግማሹ ለወንዙ ሣጥን እንዲሆን ተስማምተን በቃለ ጉባኤ ፈርመናል።

ገንዘቡ የሚገባው በሦስት ሰው ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው፤ አንዷ የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ናት፣ እኔ ፈራሚ አይደለሁም። ሒሳቡን ሕዝብ ፊት መለጠፍ ስለማልፈልግ ኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ የሒሳብ ቁጥሩንም የወንዙንም ስም እነግራችኋለሁ። በቴሌብር መላክም ይቻላል። የገባውንና የወጣውን በየወሩ መጨረሻ ደረሰኙን ፎቶ አንስቼ ለላከ ሁሉ እልካለሁ። ሃምሳ ብር ለላከም፣ አምስት ሺህ ለላከም እኩል። መጥታችሁ በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ቤታችን ክፍት ነው፣ እናቴ ሽሮ አታጣም።

ብር የሌላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚህ ሁዳዴ ዓሣ ስትገዙ ሻጩን «ይሄ በምን ተያዘ?» በሉት። በመረብ ወይም በመንጠቆ ከሆነ ግዙ። ከተድበሰበሰባችሁ እለፉት። ሦስት አራት ሰው እንዲህ ከጠየቀው ሻጩ ራሱ አጥማጁን መጠየቅ ይጀምራል።

ጋሼና ሌሎቹ ሦስት ጠባቂዎች ታኅሣሥ 1 ማታ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ባትሪና ብርድ ልብስ ተገዝቷል። የመጀመሪያውን ወር ደሞዝ እስከዚያ ማሟላት አለብኝ፣ እስካሁን የተዋጣው ለሁለቱ ብቻ ነው የሚበቃው።