እጅ ሲናገር ካሜራው የት ይቁም?

ይድረስ ለውድ ወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤቱስ፣ ልጆቹስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እንዲህ መጠፋፋታችን ደግ አልነበረም፤ ማን ቀድሞ ዝም አለ ብለን ብንካሰስ ግን ወረቀቱ በክርክር ያልቃል። ይልቅ የላክኸውን መልእክት ልያዝ። መስማት የተሳናቸውን ሰዎች ሕይወት የሚያሳይ አጭር ፊልም ልትሠራ ተነሥተሃል፣ ስክሪፕቱም አልቋል። «ምን ልይ፣ ከምንስ ልጠንቀቅ?» ላልከኝ እነሆ ረዘም ያለ መልስ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጬልሃለሁ።

ነገሬ ባጭሩ ይህ ነው፦ እንዲህ ያለ ፊልም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ታሪኩ ላይ ሳይሆን ካሜራውና ኤዲቲንጉ ላይ ነው። በምልክት ቋንቋ ንግግሩ ያለው ምስሉ ውስጥ ነው። እጅ ከፍሬም ከወጣ ቃሉ ጠፋ ማለት ነው፤ ይህን ያላሰበበት ዳይሬክተር የተዋናዩን ንግግር ሳያውቀው ቆርጦ ይጥለዋል።

ከኤዲቲንጉ ልጀምር፣ ትልቁ ጥፋት እዚያ ስላለ። በድምፅ በሚነገር ፊልም ተናጋሪው ሳይጨርስ ካሜራው ወደ ሰሚው ፊት ቢዞር ድምፁ ከኋላ ይቀጥላል፤ ተመልካች የሚያጣው ነገር የለም። በምልክት ግን ሰሚውን ባሳየህበት ቅጽበት ንግግሩ ተቋረጠ። ሰብታይትል ይሸፍነዋል ብለህ አትጽናና። ሰብታይትሉ የሚያግዘው ቋንቋውን የማያውቀውን ነው፤ ቋንቋው የራሱ የሆነው ተመልካች ግን የዓረፍተ ነገሩን ጅራት አያገኘውም። ስለዚህ የሰሚውን ፊት የምታሳየው የተናጋሪው እጅ ከወረደ በኋላ ይሁን። ከዚያም የተሻለው ሁለቱንም በአንድ ፍሬም ይዞ ረጅም መቅረጽ ነው፤ ፊት ለፊት ተያይተው፣ ሁለቱም ወደ ካሜራው ትንሽ ዞር ብለው። በአንዱ ትከሻ ላይ አሻግሮ የመቅረጽን ልማድ ለዚህ ፊልም ተወው፤ ከፊት ያለው ትከሻ የሚከልለው በትክክል እጆቹ የሚንቀሳቀሱበትን ቦታ ነው።

ኤዲተርህ ቋንቋውን የማያውቅ ከሆነ ዓረፍተ ነገር የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ አይለይም። አንዳንዶች በቀረጻው ላይ የአስተርጓሚ ድምፅ ቀድተው በዚያ ይመራሉ። ለፍለጋ ይጠቅማል፤ መቁረጫ አድርገህ ግን እንዳትይዘው። አስተርጓሚ ምልክቱን ካየ በኋላ ነው የሚናገረው፣ የቃላቱ ቅደም ተከተልም አይገጥምም፤ በድምፁ ከቆረጥህ የቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ራስ ትቆርጣለህ። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው እያንዳንዱን ቁርጥ ከኤዲተሩ ጋር ተቀምጦ ይይ።

ወደ ፍሬሙ። ምልክት የሚሠራበት ቦታ ከራስ አናት ትንሽ ከፍ ብሎ እስከ ወገብ ይደርሳል፣ ወርዱም ክርን እስከሚዘረጋበት ነው። ከመቅረጽህ በፊት ተዋናዩን በዚያ ንግግር ውስጥ ያለውን ሰፊውን ምልክት እንዲሠራ ጠይቀውና ከእጁ ጫፍ ውጭ አንድ መዳፍ ያህል ትርፍ ተው። ከታች ደግሞ ወገብ ላይ አታቁም፤ ሰብታይትሉ መጥቶ እጁ ላይ ያርፋል። እስከ ጭኑ አጋማሽ ውረድ። ፊትን ብቻ የሚያሳይ ክሎዝ አፕ ንግግር በሌለበት ጊዜ ይቆይልህ።

ሁለተኛው ችግር ብዥታ ነው። በሴኮንድ 24 ፍሬም በተለመደው 1/48 ሻተር (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን በሚገባበት የሴኮንድ ክፋይ) ስትቀርጽ ፈጣን ምልክት፣ በተለይም ስም በጣት ፊደል ሲጻፍ፣ ይደበዝዛል። ሻተሩን ወደ 1/100 አድርሰው፤ መብራቱ 60 ኸርዝ በሆነበት አገር 1/120 ነው፣ አለዚያ መብራቱ ምስሉ ላይ ይርገበገባል። ይህ ከብርሃኑ ግማሹን ይወስድብሃል። ታዲያ ሌንሱን ከፍቼ ልተካው ትል ይሆናል፤ ተው። ሌንስ በተከፈተ ቁጥር ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት ይጠባል፣ እጅ ደግሞ ከፊት ቀድሞ ወደ ካሜራው ይዘረጋል፤ ፊቱ ሲጠራ ጣቶቹ ይደበዝዛሉ። መብራት ጨምርና ሌንሱን ኤፍ 4 ወይም 5.6 ላይ አቆየው።

መብራቱም ፊት ላይ ይሁን። በአሜሪካ የምልክት ቋንቋ ለምሳሌ ቅንድብ ከፍ ሲል «አዎ ወይስ አይደለም» ብሎ የሚጠይቅ ዓረፍተ ነገር ይሆናል፣ ሲኮማተር ደግሞ «ማን፣ የት፣ ለምን» ይሆናል፤ ራስ መነቅነቅ አረፍተ ነገሩን አሉታዊ ያደርገዋል። ኮፍያ ግንባሩ ላይ ጥላ ከጣለ ወይም መስኮት ከኋላው ከበራ ሰዋስዉ ራሱ ይጠፋል። ልብሱ አንድ ወጥ ቀለም፣ ከቆዳው የሚለይ ይሁን። ባለ መስመር ሸሚዝና የሚያብለጨልጭ ቀለበት ዓይን ይሰርቃሉ።

ስክሪፕት ጸሐፊዎች የሚስቱት ደግሞ ሌላ ነው። ፍቅረኞች መብራት አጥፍተው አልጋ ላይ ያወራሉ፤ በምን ዓይን ተያይተው? ወይ ፋኖስ ይብራ፣ ወይ አንዱ በሌላው መዳፍ ላይ ይናገር። እናት ጀርባዋን ሰጥታ ድስት እያማሰለች ልጇ ያወራታል፤ እንዲህ አይሆንም፣ መጀመሪያ ትከሻዋን ይንካ፣ እጁን ያውለብልብ፣ ወለሉን በእግሩ ይምታ ወይም መብራቱን ያጥፋና ያብራ። ሁለት ሰዎች እየተራመዱ ሲነጋገሩ ተያይተው ነው የሚሄዱት፤ ወደ ፊት ያለውን እንቅፋት ለተናጋሪው የሚያይለት ምልክቱን የሚከታተለው ጓደኛው ነው። እነዚህን ትክክለኛ አድርገህ ብታስገባቸው ትዕይንቱ ራሱ ሕይወት ያገኛል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ከንፈር የማንበብ ነገር ነው። በፊልም ላይ ጀግናው ከመንገድ ማዶ ሆኖ የሰው ምስጢር ከንፈር ላይ ቃል በቃል ይለቅማል። እስቲ መስታወት ፊት ቁምና ድምፅ ሳታወጣ «በላ» እና «መላ» በል፤ ከንፈርህ ላይ ልዩነት ታያለህ? ከጉሮሮ የሚወጡት ድምፆች ደግሞ ጭራሹን አይታዩም። ከንፈር አንባቢ ብዙውን የሚሞላው ከወሬው አውድ በመገመት ነው፤ ሰውየው ዞር ሲል፣ ጢሙ ሲረዝም ወይም ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ ሲያወራ ግምቱ ይከሽፋል። ግምቱ ሲከሽፍ የሚያሳይ ትዕይንት ብትጽፍ ከምስጢር ለቃሚው ጀግና መቶ እጅ ይሻላል።

ተዋናዮቹን በተመለከተ ብዙ አልልህም፦ ቋንቋው የራሳቸው የሆኑ መስማት የተሳናቸው ተዋናዮችን ቅጠር። የየትኛው አገር ምልክት እንደሆነም እይ። እንግሊዝና አሜሪካ የሚናገሩት ቋንቋ አንድ ሆኖ የምልክት ቋንቋቸው ግን አይግባባም፤ የእንግሊዙ ፊደል በሁለት እጅ፣ የአሜሪካው በአንድ እጅ ነው። የአሜሪካው የተወለደው ከፈረንሳዩ ጋር ተቀላቅሎ ነው፣ በ1817 በአሜሪካ ሃርትፎርድ ላይ መስማት ለተሳናቸው ትምህርት ቤት ከከፈቱት አንዱ ፈረንሳዊው ሎሮን ክሌር ነበርና።

ንግግሩን ከወረቀት ወደ ምልክት የመመለሱን ሥራ ለቀረጻው ቀን አታቆየው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው የሚሆነው። የቋንቋ አማካሪው ከተዋናዮቹ ጋር ቀድሞ ይሥራበት፣ ንግግሩንም በስልክ ቀርጻችሁ ያዙት፣ በየቀረጻው ምልክቱ እንዳይለዋወጥ። አማካሪና አስተርጓሚ አንድ አይደሉም፦ አማካሪው ሞኒተሩ ፊት ተቀምጦ ንግግሩን ይመዝናል፣ አስተርጓሚው በአንተና በተዋናዩ መካከል ይቆማል። አስተርጓሚ ሁለት ይሁኑ፣ በየ20 ደቂቃው ገደማ ይፈራረቁ፤ የደከመ አስተርጓሚ መጀመሪያ የሚያጎድለው ዝርዝሩን ነው። «ጀምር» እና «ቁም» የሚለውንም በድምፅ ሳይሆን በመብራት ወይም በእጅ አድርገው።

አሁን የምታያቸውን ልንገርህ። መስማት የተሳነው አሜሪካዊ ጆርጅ ቬዲትዝ በምልክት ከተናገረበት የ1913 ፊልም ጀምር። በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መምህራን ትምህርት በቃል ንግግር ብቻ ይሁን ብለው ከወሰኑ በኋላ ምልክት ከብዙ ትምህርት ቤቶች ተባረረ፤ የአሜሪካ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበርም የቋንቋው ሊቃውንት ሳያልፉ ቀርጾ ለማኖር 5,000 ዶላር አሰባሰበ። ካሜራው ንቅንቅ አይልም፣ ሰውየው ከነሙሉ እጁ ፊት ለፊት ቆሞ ይናገራል። ከላይ ስለ ፍሬም የዘበዘብኩትን ያኔ ያውቁት ነበር።

በ1986ቱ «ችልድረን ኦቭ ኤ ሌሰር ጎድ» ማርሊ ማትሊን በ21 ዓመቷ ኦስካር አገኘች፤ ትወናዋ ዛሬም አያረጅም። ነገር ግን ወንዱ ገጸ ባሕሪ የእሷን ምልክት ሁሉ በራሱ አፍ እየደገመ ይናገራል፣ ሰብታይትል የለም። የእሷ ቃል በእሱ ጉሮሮ ካላለፈ አይደርስህም። በ2014 የወጣውን የዩክሬኑን «ዘ ትራይብ» ከዚያ ቀጥለህ እይ፦ ተዋናዮቹ መስማት የተሳናቸው ናቸው፣ ትርጉም የሚባል ነገር የለም፣ ቀረጻው ረጅምና ከሩቅ፣ ሙሉ ሰውነት የሚያሳይ። ጭካኔው ይከብዳል፤ ስለ ካሜራ አቀማመጥ ግን ከእሱ የምትማረውን ከሌላ አታገኘውም።

መስማት የተሳናቸው ወላጆች ስላሏት የምትሰማ ልጅ የሚተርከው «ኮዳ» (2021) በ2022 የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ወሰደ፣ ትሮይ ኮትሰርም በረዳት ተዋናይነት አሸነፈ። የተቀዳው በ2014 ከተሠራ የፈረንሳይ ፊልም ነው፤ በዚያኛው አባትና እናቱን የተጫወቱት የሚሰሙ ተዋናዮች ነበሩ። ሁለቱን አከታትለህ ብታያቸው የእጅ ልዩነቱ ይገባሃል። አባትየው በኮትሰር እጅ ሲሳደብ እንኳ ለዛ አለው። ቅር የሚለኝ ሁሉ ነገር በምትሰማው ልጅ ትርጉም ላይ መንጠልጠሉ ነው፤ ጎልማሶቹ ያለ እሷ አንድ ቀን ውለው የማያውቁ ይመስላሉ።

ለድምፅ ሥራው «ሳውንድ ኦቭ ሜታል»ን ተመልከት፦ የከበሮ መቺው መስማት እየጠፋ ሲሄድ ድምፁ ይታፈናል፣ ይርቃል፣ በመጨረሻም በተተከለለት የመስሚያ መሣሪያ (ኮክሌር ኢምፕላንት) በኩል እንደ ብረት እየተፋጨ ይመለሳል። ድምፅን በሙሉ ቆርጦ ጸጥ ማድረግ ቀላሉ መንገድ ነው፤ አንድ ጊዜ ይሠራል፣ በሦስተኛው ይሰለቻል። ብዙዎቹ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ጥቂት ይሰማሉ፣ ንዝረትም አለ። ስለዚያ መሣሪያ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የተነሣውን ክርክር ማየት ከፈለግህ የ2000ውን ዘጋቢ ፊልም «ሳውንድ ኤንድ ፊዩሪ» አትለፈው።

ሰብታይትሉን በሁለት አዘጋጅ። አንዱ የምልክቱ ትርጉም ነው፣ ምስሉ ላይ የታተመ፣ የማይጠፋ። ሁለተኛው የሚነገረውንና ወሳኝ የሆኑ ድምፆችን የሚጽፍ ነው፤ በሩ ሲንኳኳ፣ ስልክ ሲጠራ፣ ማን እንደተናገረ። ይህን ሁለተኛውን የሚረሱ ብዙ ናቸው፤ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ስለ ራሳቸው የተሠራውን ፊልም ግማሹን ሳይረዱት ይወጣሉ። ከሁለት መስመር አይብለጥ፣ ቢያንስ አንድ ሴኮንድ ይቆይ፣ ከሰባት ሴኮንድ አይለፍ። ዓይን ወደ ጽሑፉ በወረደ ቁጥር እጁን ስለሚያጣ አጠር አድርገህ ጻፍ።

ስታሳየውም ከፊልሙ በኋላ ለሚደረገው ውይይት አስተርጓሚው የሚቆምበት ቦታ መብራት ይኑረው፣ ለሚያዩትም ፊት ለፊቱ ወንበር ያዝላቸው።

ስክሪፕትህ ውስጥ ከሁለት ሰው በላይ የሚነጋገርበት ትዕይንት ካለ እሱን ገጽ ቀድመህ ላክልኝ። ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚናገር ተመልካቹ አስቀድሞ ካላወቀ ዓይኑ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል፤ አቀማመጡን በወረቀት ላይ ሣልና አያይዘው።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አክባሪ ወንድምህ