ለጥገናው የዛሬ ዋጋ፣ ለካሳው የ2014 ዋጋ፦ ለመድን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፦

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ረዘም ያለ ሰላምታ ያለባቸውን ደብዳቤዎች ከዚህ በፊት ልኬልዎታለሁ። መዝገብ ቤት ካስፈለጉ ያገኟቸዋል። ይኼኛው በአደባባይ ስለሆነ ሰላምታው ያጠረ ነው።

የመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004ን ለእርስዎ ላስረዳ አልሞክርም። ከእኔ በላይ ያውቁታል። የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። አንድ የመድን ድርጅት በአንድ ፋይል ውስጥ፣ ለአንዲት መኪና፣ ሲያሻው የዛሬን ሲያሻው የድሮን ዋጋ መጠቀም ይችላል?

በ2014 አንድ አባዱላ ሚኒባስ በ2.4 ሚሊዮን ብር ገዛሁ። አንድ ሚሊዮኑ የቤተሰባችን ጥሪት ነው። 1.4 ሚሊዮኑን አበዳሪ ተቋም ሰጠኝ። ሊብሬው ላይ እገዳ ተመዘገበ። ፉል ኢንሹራንስ ግዴታ ሆነ። አደጋ ቢደርስ ካሳው በቅድሚያ ለአበዳሪው እንዲከፈል ተጻፈ። አሠራሩ ነው፣ አልከፋኝም። መኪናዋ ከጎንደር ማክሰኝት ትሠራ ነበር። መንገድ ሲዘጋ ትቆማለች፣ ሲከፈት ትወጣለች። ወለዱ ግን መንገድ ተዘጋ ብሎ ቆሞ አያውቅም።

በ2017 ሚያዝያ፣ ከማክሰኝት ስትመለስ፣ ጠዳ ሳትደርስ ተገለበጠች። ሹፌሩ ድንገት ከጎን የገባ ባጃጅ ላለመግጨት ሲሸሽ ነው። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። የፖሊስ ሪፖርቱ ተሟላ፣ የአደጋው ቦታ ፕላን ተነሳ፣ ፎርሙ በጊዜው ተሞላ። እስከዚህ ድረስ ማንም የተከራከረኝ የለም።

ከዚያ የመድን ድርጅቱ ጋራዦችን አወዳደረ። ዝቅተኛው የጥገና ዋጋ 2 ሚሊዮን ብር ሆኖ መጣ። አይገርምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፏል። በሩም፣ መስታወቱም፣ የፊት መብራቱም በዶላር ነው የሚገባው። ድርጅቱ ይህን የዛሬ ዋጋ ፖሊሲው፣ ማለትም የመድን ውሉ ላይ ከተጻፈው የ2014 ዋጋ ጋር አስተያየው። 2 ሚሊዮን ለ2.4 ሚሊዮን። «ጥገናው አያዋጣም፣ ቶታል ሎስ ነው» አለ፤ ሙሉ በሙሉ እንደጠፋች ትቆጠር ማለት ነው።

እሺ፣ ቶታል ሎስ ይሁን። ካሳው ስንት ነው?

ካሳው ላይ ስንደርስ ዶላሩም ተረሳ፣ ገበያውም ተረሳ። መነሻው 2.4 ሚሊዮን ሆነ። ከእሱ ላይ ደግሞ «እርጅና» ተቀነሰ። 1.9 ሚሊዮን ቀረ። ከዚያ ላይ ኤክሰስ፣ ባለንብረቱ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ፣ ተነሳ። አደጋው በደረሰበት ሰሞን እንደ እኔዋ ያለች አባዱላ እዚሁ ጎንደር 4.8 ሚሊዮን ትጠየቅ ነበር። እርጅና የሚቀነሰው ንብረቱ ዋጋው ስለወረደ አይደለም እንዴ? የመኪና ዋጋ የወረደበትን አገር ያሳዩኝና ሄጄ ልግዛ።

የቅርንጫፉ ባለሙያ ትሑት ልጅ ነው። ሕጉን አውጥቶ አነበበልኝ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ፣ ካሳ አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ አይበልጥም ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። «አደጋው በደረሰበት ቀን» ነው የሚለው። በዚያ ቀን የነበረውን ዋጋ ነግሬዎታለሁ። እኔ ፖሊሲው ላይ ካለው ጣሪያ በላይ ይከፈለኝ አላልኩም። 2.4 ሚሊዮን ጣሪያ መሆኑ ገብቶኛል። ከጣሪያው በታች ያወረዱኝ በየትኛው ቀን ዋጋ ነው? ለዚህ እስካሁን መልስ የሰጠኝ የለም። ልጁም ትከሻውን ነቅንቆ «ፋይሉ አዲስ አበባ ነው» አለኝ።

የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ። መኪናዋን ከዋጋዋ በታች ነው መድን ያስገባሃት፣ ስለዚህ ለቀሪው ራስህ የራስህ መድን ሰጪ ነህ አሉኝ። ይህም በመድን ሥራ የታወቀ ነገር ነው፣ አልክድም። ታዲያ የ4.8 ሚሊዮን መኪና በ2.4 ሚሊዮን ከገባች ግማሹ መድን ሰጪ እኔ ነኝ ማለት ነው። የስብርባሪው ግማሽ የታለ? እንደ ድርጅት ጉዳቱን ካሸከማችሁኝ እንደ ድርጅት ድርሻዬን ስጡኛ! እነሱ ግን ሙሉ መኪናዋን ወሰዱ። በጨረታ 1.6 ሚሊዮን ሸጧት። ያውም በዛሬ ዋጋ። ለእኔ የከፈሉት 1.9 ሚሊዮን አልሞላም፣ ሳልቬጁ፣ ማለትም የተሸጠችው ስብርባሪ፣ 1.6 ሚሊዮን አስገባላቸው። ለዓመታት የከፈልኩትን አረቦን ይጨምሩበትና ከዚህ አደጋ ማን ምን እንዳጣ ራስዎ ያስሉት።

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ላይ ለመግዣ አንድ፣ ለመሸጫ ሌላ ሚዛን የያዘ የእህል ነጋዴ ቢገኝ ደንብ አስከባሪ ያሯሩጠዋል። ይኼኛው ፈቃድ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ነው የሚሠራው።

«ለምን ዋጋውን አላሳደግክም?» ይሉኝ ይሆናል። ማን ጠየቀኝ? ፖሊሲውን በየዓመቱ የሚያሳድሰው አበዳሪው ነው። አረቦኑን ከሂሳቤ ይቆርጣል፣ ወረቀቱን እሱ ፋይል ውስጥ ያስገባል። ፖሊሲውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት መኪናዋ ከተገለበጠች በኋላ ነው። ያውም በእንግሊዝኛ። አበዳሪው የሚያሳስበው የቀረው ዕዳ ነው። ለዚያ 2.4 ሚሊዮን ከበቂ በላይ ነው። ድርጅቱም ምንዛሪው ሲለቀቅ አገር ሁሉ የሰማውን ሰምቷል፣ ግን በእድሳቱ ጊዜ አንድ መስመር አልጻፈም። ሁለቱ ተስማምተው ያሳደሱትን ውል ዋጋ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ስለ መዘግየቱ ብዙ አልልም፣ እሱን ለምደነዋል። ብቻ አንድ ነገር ይወቁት። ድርጅቱ ለወራት ሲያስብ አበዳሪው አላሰበም። ወለድና ቅጣት ይቆጥር ነበር። አደጋው ቀን 900 ሺህ የነበረው ዕዳ ካሳው ሲከፈል 1.05 ሚሊዮን አልፏል። ያዘገየው ድርጅት ነው፣ ቅጣቱ የእኔ ነው። አበዳሪው የራሱን ቆርጦ ወሰደና በተረፈው ባጃጅ ልገዛ እችላለሁ። ያቺን ያስገለበጠችንን ዓይነት።

ለእናንተ አቤት ብዬ ያገኘሁት መልስ «ጉዳዩን ከድርጅቱ ጋር በስምምነት ጨርሱ» የሚል ነው። ከማን ጋር ተጣልቼ እንደመጣሁ መሰላችሁ? ውሉ ውስጥ የግልግል ዳኝነት አለ ተባልኩ። የገላጋዮቹን አበል ግማሹን የምከፍለው እኔ ነኝ፣ ከዚያችው ከተረፈችው።

መኪናዋ ግን ደኅና ናት፣ አያስቡ። ጨረታውን ያሸነፈው ሰው አሠርቷታል። አሁን በአዘዞ መስመር ትጭናለች። መጀመሪያ ያያት ያው ሹፌሬ ነው፣ በኋላ በሩ ላይ ባለ አሮጌ ጭረት እኔም አወቅኳት። ለእኔ አያዋጣም የተባለው ጥገና ለእሱ እንዴት እንዳዋጣው ጠይቄው፣ ሳቀ። ሰውየውን አልወቅስም፣ የገዛው በሕግ ነው።

ከእናንተ የሚፈለገው ከባድ አይደለም። ጥገናውም ካሳውም በአንድ ቀን ዋጋ ይሰላ። ከዋጋው በታች ገብቷል የተባለ ሰው ከሳልቬጁ ድርሻውን ያግኝ። በብድር የተገዛ መኪና ፖሊሲ ሲታደስ ባለንብረቱ በአማርኛ በጽሑፍ ይነገረው፣ ይፈርም። ካሳው ሲጓተት የሚቆጠረውን ወለድ ያጓተተው ይክፈል። ይህን ለመጻፍ አንድ መመሪያ ይበቃል፣ ከፈለጋችሁ አንድ ገጽ።

የፋይሌን ቁጥር ታውቁታላችሁ። ከድርጅቱ አስመጡና እርጅናው በምን ተሰልቶ እንደተቀነሰ፣ ሳልቬጁስ ሙሉ በሙሉ ለምን ለድርጅቱ እንደሆነ በጽሑፍ መልሱልኝ። ቅርንጫፉ ፋይሉ አዲስ አበባ ነው ይላል። እናንተም አዲስ አበባ ናችሁ።

ከጎንደር፣
የቀድሞ የሚኒባስ ባለንብረት