«ምኑ አዲስ ነው?» ለሚሉት የቫኪዩም አፍቃሪዎች ጥብቅና

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ቫኪዩም ክሊነር (አቧራ መሳቢያ ማሽን) አፍቃሪዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። አልዋሽም፣ ስቄያለሁ። ትልልቅ ሰዎች «አዲስ ሞዴል ወጣ፣ እጀታው እንዲህ ሆነ፣ ቁልፉ ወዲያ ሄደ» እያሉ ሲጣሉ ማየት ለተመልካች ቀልድ ነው። ጸሐፊያችሁ ግን ነገሩን «የሥራ ፈት ወሬ» ብሎ ሲዘጋው አልተዋጠልኝም። እኔ ለንደን ውስጥ የምተዳደረው በጽዳት ሥራ ነው። ጠዋት ቢሮ፣ ከሰዓት የሰው ቤት። እነዚያ ሰዎች የሚጨቃጨቁበት ነገር ማታ ቤቴ ስገባ ትከሻዬና ጣቶቼ ላይ የሚሰማኝ ነገር ነው። ስለዚህ ጥቂት ልበል። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው።)

ጽሑፋችሁ ያነሳው ማሽን ዳይሰን የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ባለባትሪ ቫኪዩም፣ «ጄን ፋይቭ ዲቴክት» ነው። በ2021 ከወጣው የዚያው ኩባንያ ሞዴል፣ ከቪ15 ቀጥሎ የመጣ ማለት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያቆሟቸው ብዙ ሰው አይለያቸውም። ሞተሩ በደቂቃ 125 ሺህ ጊዜ ይዞር የነበረው 135 ሺህ ሆኗል። ባትሪው ኩባንያው እንደሚለው ከ60 ደቂቃ ወደ 70 ከፍ ብሏል። ወለሉ ላይ አቧራ የሚያሳየው አረንጓዴ መብራት ቪ15 ላይም ነበር። የሰበሰብከውን ብናኝ የሚቆጥረው ስክሪንም እንደዚያው። አፍቃሪዎቹ «ቀለም ቀብተው ዋጋ ጨመሩ» ቢሉ ምን ይገርማል? አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ 950 ዶላር ገደማ ነበር፤ ቪ15 ያኔ 750 ገደማ። 200 ዶላር ለአሥር ደቂቃ ባትሪ? እኔም አልከፍልም።

አንድ ነገር ግን አለ፣ ጸሐፊያችሁ በግማሽ መስመር ያለፈው። ቃታው ቀረ።

ያልያዘው ሰው ላይገባው ይችላል። ቪ8 ይሁን ቪ10፣ ቪ11 ይሁን ቪ15፣ እጀታው ሥር ቃታ አለ። ማሽኑ የሚሠራው ቃታውን ስበህ እስከያዝክ ድረስ ነው። ለቀቅ ስታደርገው ቀጥ ይላል። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ ባትሪ በከንቱ እንዳያልቅ። ወንበር ስታነሳ፣ ምንጣፍ ስትገለብጥ ሞተሩ ዝም ብሎ አይሮጥም። ሐሳቡ ጥሩ ነው። መኪና ውስጥ የወደቀ የዳቦ ፍርፋሪ ለማንሳት እንደ ቃታ የሚሆን የለም።

ሙሉ ቤት ስታጸዱ ግን ሌላ ነው። ደረጃ ላይ አንድ እጅ መደገፊያውን ይይዛል፣ ሌላው ማሽኑን ከነቃታው ተሸክሞ ወደ ላይ ይሄዳል። አልጋ ሥር ለመግባት ስታጎነብሱ እጃችሁን መቀየር አለባችሁ፤ ስትቀይሩ ይጠፋል፤ እንደገና ትስባላችሁ። በክረምት፣ በረኪና የበላው ጣት ተሰንጥቆ እያለ፣ አመልካች ጣት ላይ ብቻ የሚያርፈው ሥራ ይታወቃል። አብራኝ የምትሠራ አንዲት እህታችን ቃታውን የምታስረው በፀጉር ላስቲክ ነው። ሁለት ጊዜ ትጠመጥመዋለች፣ ከዚያ በቃ፣ ማሽኑ የሷ ነው። ይህን የምታደርገው እሷ ብቻ አይደለችም። ቃታውን ወጥሮ የሚይዝ ትንሽ የፕላስቲክ ማያያዣ ሠርተው የሚሸጡ ሰዎች አሉ። አንድ ዕቃ ላይ ሕዝብ ላስቲክ ማሰር ከጀመረ፣ ፋብሪካው የሆነ ነገር አልገባውም ማለት ነው።

አሁን ገባው። ጄን ፋይቭ ላይ አንድ ጊዜ ተጭነህ የምትለቀው ቁልፍ መጣ። (ቀጭኑ ቪ12 ላይ አስቀድመው አድርገውታል፤ ትልቁ ላይ ለማምጣት ግን ሰው ብዙ ተማጽኗል።) ይህ ለውጥ በፎቶ አይታይም። ማስታወቂያ ላይ አይደምቅም። እኔ ግን አሥር ሺህ ዙር ከሚጨመርበት ሞተር ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ደግሞ የሚገርመው፣ ከአፍቃሪዎቹ መካከል «ቃታችንን መልሱልን» የሚሉም አሉ። ባትሪ ያባክናል ባዮች ናቸው። እነሱም እውነት አላቸው፤ የሚያጸዱት ስቱዲዮ ክፍል ከሆነ።

እዚህ አገር በጽዳት የሚሠራ ሐበሻ ከዳይሰን ይበልጥ የሚያውቀው «ሄንሪ» የሚባለውን ቫኪዩም ነው። ቀይ ባልዲ ላይ ጥቁር ኮፍያ የደፋ፣ ዓይንና ፈገግታ ያለው፣ ቱቦው ከአፍንጫው የሚወጣ። የሚሠራው ኒውማቲክ የሚባል ኩባንያ ነው፤ ሱመርሴት ውስጥ ቻርድ በምትባል ከተማ። የወጣው በ1981 ነው። ፈገግታው የመጣው ሊዝበን ውስጥ በነበረ የንግድ ትርኢት ላይ ነው ይላሉ፤ ገዢ ጠፍቶ የሰለቻቸው ሠራተኞች ለጨዋታ ማሽኑ ላይ ፊት ሣሉበት፣ ሰው ወደደው፣ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሄንሪ ሲያዩት ያው ሄንሪ ነው። «ለምን አይዘምንም?» የሚል የቢሮ አለቃ አጋጥሞኛል። አለቃው ገፍቶት አያውቅም።

ሄንሪም ግን ተነክቷል፤ አፍቃሪዎቹም በዚያ ተነስተው ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2014 ጀምሮ ከ1600 ዋት በላይ የሚበላ ቫኪዩም ገበያ እንዳይገባ ከለከለ። በ2017 ደግሞ ጣሪያውን 900 አደረገው። ያኔ የነበረው ግርግር! ሰው «ጠንካራው ሊያልቅ ነው» ብሎ ሱቅ ወረረ። ሄንሪም ወደ 620 ዋት ወረደ። «ሰለቡት» ተባለ።

እዚህ ላይ ጸሐፊያችሁ አፍቃሪዎቹን ቢወቅስ ኖሮ እስማማ ነበር። ዋት ማሽኑ የሚበላውን መብራት እንጂ የሚስበውን አቧራ አይነግርህም። መሳቡ የሚወሰነው በማራገቢያው አሠራር፣ አየር በየስፌቱ በመሾለኩ ወይም ባለመሾለኩ፣ በቱቦውና በከረጢቱ ነው። ከረጢቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ 2000 ዋት ብትሰጠው ዋጋ የለውም፤ ይጮሃል፣ ይግላል፣ መሬቱ እንዳለ ነው። እኔ በ620ው ቢሮ ምንጣፍ ላይ ያጣሁት ነገር የለም። መብራት የሚከፍለው ሰው ደግሞ አትርፏል።

ያጣሁት ሌላ ነው። የድሮው ሄንሪ ጉልበቱን ዝቅና ከፍ የሚያደርግ ቁልፍ ነበረው። መጋረጃ ስታጸጂ ዝቅ ታደርጊዋለሽ፤ አለበለዚያ ጨርቁን እስከ አፍንጫው ድረስ ውጦ ቁጭ ይላል። ከ620 ዋቱ ጋር ቁልፉ ቀረ። ሁሉም ሰው ስለ ዋት ሲጮህ ይህን ያነሱት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። እነማን? እነዚያው «ሥራ ፈት» የተባሉት። ዛሬ መጋረጃ ሲያጋጥመኝ እጀታው ላይ ያለችውን የአየር ማስገቢያ ከፈት አድርጌ ነው የምሠራው። ይሠራል። እንደ ቁልፉ ግን አይሆንም።

ከፋብሪካው ይልቅ የሚገፋው ሰው ማሽኑን ያውቀዋል የምለው ለራሴ አድልቼ አይደለም። ዛሬ በየቤቱ የምንገፋው ዓይነት ቫኪዩም ታሪኩ የጀመረው ከጽዳት ሠራተኛ ነው። ጄምስ መሪ ስፓንግለር ኦሃዮ ውስጥ ካንተን በምትባል ከተማ አንድ ትልቅ ሱቅ ያጸዳ ነበር። አስም አለበት። መጥረጊያው የሚያስነሳው አቧራ ሊገድለው ሆነ። የማራገቢያ ሞተር፣ የመጥረጊያ እንጨትና የትራስ ልብስ ገጣጥሞ አቧራውን የሚውጥ ማሽን ሠራ። በ1908 የፈጠራ መብት አገኘበት። ገንዘብ አልነበረውምና መብቱ ቆዳ ነጋዴው ዊልያም ሁቨር እጅ ገባ። የቀረውን ዓለም ያውቀዋል። የሁቨርን ስም ማለቴ ነው፤ የስፓንግለርን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ከሚያውቁት መካከል ደግሞ በእርግጠኝነት እነዚህ አፍቃሪዎች አሉ። አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ፣ ሴንት ጄምስ በምትባል ከተማ የቫኪዩም ክሊነር ሙዚየም ሳይቀር አላቸው። ኪርቢ የሚባለውን፣ በር ለበር የሚሸጠውን ባለአሉሚኒየም ማሽን ከቀለሙ ብቻ የየትኛው ዘመን እንደሆነ የሚነግሩህ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ። ጸሐፊያችሁ «ለውጡ ትንሽ ስለሆነ ጩኸቱ ከንቱ ነው» ይላል። ማሽን ላይ ግን ትንሽ የሚባል ለውጥ መለኪያው በዓይን የሚታየው አይደለም። ዳይሰን ከቪ6 ወደ ቪ8 ሲሻገር፣ መጥረጊያው ራስ ዘንጉ ላይ የሚገጥምበትን አንገት ለወጠው። የአንድ ጣት ስፋት ያህል ፕላስቲክ ነው። ባለ ቪ6ቱ ሰው ግን የሰበሰባቸው ራሶች ሁሉ አዲሱ ላይ እምቢ አሉት፤ መሃል ላይ የሚገባ ማገናኛ መግዛት ነበረበት። በሌላ በኩል ሄንሪ ላይ የዛሬ ስንት ዓመት የተገዛ ቱቦና ብሩሽ ዛሬም ይገጥማል። ከረጢቱ ለሮዝዋ «ሄቲ»ም ለቢጫው «ጄምስ»ም ያው ነው። መጋዘናችን ውስጥ ከሦስት የሞቱ ሄንሪዎች የተገጣጠመ አንድ ሕያው ሄንሪ አለ። ኮፍያው የአንዱ፣ ጎማው የሌላው፣ ፊቱም ትንሽ ተፍቋል። ይስባል።

እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ቶዮታ የ70ውን ላንድክሩዘር በ1984 አወጣ፤ ዛሬም ይሠራዋል፣ ብዙም ሳይለውጠው። አገር ቤት «አሮጌ ዲዛይን ነው» ብሎ የሚንቃት ሹፌር አይቼ አላውቅም። የትም ብትቆም መካኒኩ ያውቃታል፣ ዕቃዋ ይገኛል። የሰው ፍቅር እዚያ ላይ ነው።

ሌላውን ደግሞ በእናቴ ቤት አይቼዋለሁ። ወንድሜ ከዱባይ ሲመለስ ቫኪዩም ይዞላት መጣ፤ የማን ሥራ እንደሆነ አልጠቅስም። ደስ ብሏት ነበር። ሳሎኑን፣ ሶፋውን፣ የጎረቤት ምንጣፍ ሳይቀር ጠረገችበት። ከዚያ አብረውት የመጡት ከረጢቶች አለቁ። መርካቶ ተፈለገ፣ ቦሌ ተፈለገ። የዚያው ኩባንያ ከረጢት ተገኘ፤ ግን የአዲሱ ሞዴል ነው። የከረጢቱ አፍ ላይ ያለችው ካርቶን ተለውጣለች። አንድ ጥርስ ተጨምሮባት አሮጌው ውስጥ አትገባም። የአክስቴ ልጅ በመቀስ ቆርጣ ሞከረች፣ አልሆነም። ከአቡጀዲ ሰፍታ ሠራችለት፤ እሱ ደግሞ ደቃቁን አቧራ እያሳለፈ ሞተሩን አቃጠለው። ማሽኑ አሁን ሳሎን ጥግ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። እንግዳ ሲመጣ «ከዱባይ ነው» ይባላል። ወለሉ የሚጠረገው በመጥረጊያ ነው።

የካርቶኗን ጥርስ ነገር ጸሐፊያችሁ ቢያገኛት «ጥቃቅን የዲዛይን ማሻሻያ» ብሎ ያልፋታል። አፍቃሪዎቹ ግን ማሽኑ በወጣበት ቀን ነው ከፍተው የሚያዩት። ከረጢቱ ያው ነው ወይ? ገመዱ አጠረ? ድሮ በብሎን ይፈታ የነበረው አሁን በሙጫ ተጣብቋል? ባትሪውን ራሴ እቀይረዋለሁ ወይስ ፋብሪካ ይሂድ? ይህን የሚጠይቅልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ጠበኛ ቢሆንም፣ ትንሽ ነካ ያደረገው ቢመስልም ግድ የለኝም።

በእርግጥ የሚያበዙትም አሉ። ቀዩ ቀለም ከበፊቱ ደበዘዘ ብሎ ተቃውሞ የሚጽፍ ሰው ጋር እኔም ጊዜ የለኝም። በየዓመቱ ማሽኑ ከሥሩ ተገልብጦ ካልመጣ «ሰነፉ» የሚሉትም ያናድዱኛል። ደህና የሚሠራን ነገር ለምን ይገለብጡታል?

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። ስለ አዲስ የቤት ዕቃ ስትጽፉ የሞተሩን ዙርና የስክሪኑን ስፋት ከኩባንያው መግለጫ ላይ ገልብጣችሁ አታቁሙ። መለዋወጫው አዲስ አበባ ይገኝ እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ። ከአንባቢዎቻችሁ ስንቶቻችን ዕቃ ጭነን ወደ ቤተሰብ እንደምንልክ ታውቃላችሁ፤ ከመላካችን በፊት ከረጢቱ ይገኝ እንደሆነ ማወቅ እንፈልጋለን። ጸሐፊያችሁም ፈቃዱ ከሆነ አንድ ጠዋት እኛ የምናጸዳበት ሕንፃ ይምጣ። የምንጀምረው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሳይነጋ ነው። ቪ15ቱንም ሄንሪውንም እንሰጠዋለን፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ደረጃ እሱ ይያዝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ
ከለንደን